የጄኔራል አማን አንዶም ፖስተር፦ ከመታተሙ በፊት ስህተቱን ልቀሙልኝ

ንባብ_ማራኪ

ሰላም ጎበዝ። በማራኪ በኩል ያለው የንባብ ቡድን ለኅዳር ወር ስለ ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም አንድ ፖስተር ያዘጋጃል። የሚሰቀለው እዚሁ ጎንደር ነው፤ አንባቢው ተማሪም ሽማግሌም ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸው፦

«ጄኔራል አማን አንዶም በ1924 ተወለዱ። በኮሪያ የቃኘውን ሻለቃ መርተው ተዋጉ። የሦስተኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው ሶማሊያን ድል አደረጉ። በ1967 ንጉሠ ነገሥቱን አውርደው ሥልጣን ያዙ። ኅዳር 14 ከ60 ባለሥልጣናት ጋር በዓለም በቃኝ ተረሸኑ።»

ሳትራሩ እረሙት። ማስረጃ ያለው አስተያየት ብቻ ይሁን።

---

ዘመን_ቆጣሪ

ከቀኑ ልጀምር። «በ1924» ያልከው የፈረንጅ ዓመት ነው። ያለ ምልክት ስትጽፈው የጎንደር አንባቢ በኛ አቆጣጠር ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ኮሪያ ሲዘምቱ 19 ዓመታቸው ይሆናል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1924 ሲሆን በኛ ሰኔ 14 ቀን 1916 ዓ.ም. ይውላል። ስለዚህ ሲገደሉ የ50 ዓመት ሰው ነበሩ።

ስሌቱን ራስህ አረጋግጥ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ ግድም 7፣ ከፈረንጅ አዲስ ዓመት እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ትቀንሳለህ። ለቀኑ ደግሞ መስከረም 1 በመደበኛ ዓመት እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ነው። ከጳጉሜን በቀር የኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ኅዳር 1 ከዚያ 60 ቀን ርቆ እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ላይ ይወድቃል። 13 ስትጨምር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1974፣ ቅዳሜ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጳጉሜን 6 ስትሆን ነው። በዚያን ጊዜ ቀጣዩ ዓመት እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ላይ ይገባል፣ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። 1916 ዓ.ም. እንደዚያ የገባ ዓመት ነው። ግን የፈረንጁ 1924 ራሱ የካቲቱ 29 ቀን ስለነበረው በኛ ከየካቲት 22 ወዲህ ልዩነቱ ተሰርዟል። የልደቱን ቀን ሰኔ 13 የሚል ወረቀት ካየህ የሠራው ሰው አንዷን ማስተካከያ አድርጎ ሌላዋን ትቷል ማለት ነው።

አንድ ምክር፦ ፖስተሩ ላይ ሁለት አቆጣጠር አትደባልቅ። ሁሉንም በዓ.ም. ጻፍ፤ የፈረንጁን ከታች በትንሽ ፊደል፣ ያውም ለሁለት ሦስት ዋና ቀናት ብቻ።

---

የጦር_መዝገብ

ወደ ውትድርናው ልግባ፤ ረቂቁ ላይ ያለው ይህ ክፍል የሚያሳፍር ነው።

የመጀመሪያው ነገር የትውልድ ቦታቸው የለም። የተወለዱት ካርቱም ነው። ቤተሰባቸው የሐማሴን ሰው ነው፣ ከጸዓዘጋ። ይህን ካላስቀመጥክ ከታች የኤርትራ ጉዳይ ሲመጣ አንባቢው ምክንያቱ አይገባውም። ሱዳን ውስጥ አድገው፣ በጣልያን ወረራ ማብቂያ ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን ከተሰለፉት ወጣቶች አንዱ ናቸው። የተማረ መኮንን በጣት በሚቆጠርበት ዘመን እንግሊዝኛና ዓረብኛ የሚያውቅ ወጣት ቶሎ ማደጉ አያስገርምም።

ኮሪያ። «የቃኘውን ሻለቃ መርተው» አትበል። ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ የተላኩት ሻለቆች ሦስት ናቸው፤ አዛዦቻቸውም የታወቁ ናቸው፦ አንደኛውን ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ፣ ሁለተኛውን ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛውን ሌተና ኮሎኔል ወልደዮሐንስ ሽታ። አማን በኮሪያ ዘምተዋል፤ «በኮሪያ ጦርነት ተካፍለዋል» ይበቃል። «ጄኔራል አማን በኮሪያ» የሚል የፎቶ መግለጫም እንዳትሰቅል፤ ያን ጊዜ ጄኔራል አልነበሩም። በ1967 የነበራቸውን የሌተናንት ጄኔራልነት ማዕረግ ወደ ኋላ ጎትቶ በሁሉም ዘመን ላይ መለጠፍ በእንዲህ ያለ ፖስተር ላይ ሁልጊዜ የሚታይ ጉድለት ነው። ከእያንዳንዱ ሹመት ጎን የዚያን ጊዜውን ማዕረግ ብቻ ጻፍ፤ እርግጠኛ ያልሆንክበት ቦታ «መኮንን» ብለህ እለፍ።

ሐረር። ዋናው ይህ ነው፤ አንተ ግን በአንድ መስመር ጨረስከው። ሦስተኛ ክፍለ ጦር መቀመጫው ሐረር ነበር፤ ኦጋዴንንና የሶማሌን ድንበር የሚጠብቀው እሱ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቶጎ ውጫሌ በኩል ጦርነቱ ሲጀመር አዛዡ አማን ነበሩ። «የበረሃው አንበሳ» የተባሉት ያኔ ነው። ውጊያው የቆመው በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥሪና በካርቱሙ ድርድር እንጂ አንዱ ሌላውን ጨርሶ በመደምሰስ አይደለም። «ድል አደረጉ» ከምትል «የሶማሊያን ጥቃት መከቱ» በል።

ከዚያ የሚቀጥለውን ማንም አይጽፈውም፤ የሰውየው ሕይወት የዞረው ግን እዚያ ላይ ነው። ከተሰጣቸው ትእዛዝ ውጪ ድንበር አልፈው ሄደዋል ተብለው ከክፍለ ጦሩ ተነሡ። በዋሽንግተን ወታደራዊ አታሼ ሆነው ተላኩ፤ ሲመለሱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ወታደር በእጁ የሌለው ጄኔራል ሆኑ ማለት ነው። ግን ሦስተኛ ክፍለ ጦር አልረሳቸውም። ያ ክፍለ ጦር በኋላ ለደርግ የላከውም ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ነው።

---

ቀሃ_ዳር

ጋሼ መዝገብ፣ ሕግ መወሰኛን «ወታደር የሌለው ጄኔራል» ማለት ትንሽ አላጋነኑም? ክብር ያለው ቦታ ነበር እኮ።

---

የጦር_መዝገብ

ክብርማ ነበረው። አባላቱን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ መኳንንትም፣ ከሥራ የተነሡ ሹማምንትም ይቀመጡበታል። የክፍለ ጦር አዛዥነት ግን የጦር መሣሪያ፣ የነዳጅ፣ የሬዲዮ ግንኙነት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ነው። ከዚህ ወደዚያ መሄድ በማንም አገር ዕድገት አይባልም። ጥቅሙ ደግሞ ተመልከት፦ በ1966 ሠራዊቱ በሹማምንቱ ላይ ሲነሣ እሳቸው ከሹማምንቱ ጋር አልተቆጠሩም። በንጉሡ የተገፋ ሰው ሆነው ታዩ።

---

አዘዞ_በር

«በ1967 ንጉሠ ነገሥቱን አውርደው ሥልጣን ያዙ» የሚለውን ሙሉ በሙሉ አውጣው። ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥልህ፤ እንዳለ ገልብጠው፦

ሰኔ 21 ቀን 1966፦ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ደርግ ተቋቋመ። ከየክፍሉ የተወከሉት ከሻለቃ በታችና ሻለቃዎች ናቸው። ኮሎኔልና ጄኔራል ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ በበላይ መኮንኖች ላይ እምነት አልነበረምና።

ክረምት 1966፦ በደርጉ ግፊት አማን መጀመሪያ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም፣ እንዳልካቸው መኮንን ወርደው ልጅ ሚካኤል እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ።

መስከረም 2 ቀን 1967፣ ሐሙስ፦ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። አማን የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ተባሉ።

ኅዳር 6–8፦ ከደርጉ ጋር ተለያዩ፤ ቤታቸው ተቀመጡ።

ኅዳር 14፦ ተገደሉ።

ከመስከረም 2 እስከ ኅዳር 8 ብትቆጥረው 66 ቀን ነው። ፖስተሩ ላይ ይህን ቁጥር ጎላ አድርገው። ሰው «የመጀመሪያው የደርግ መሪ» ሲባል ዓመታት የገዙ ይመስለዋል።

ሰውየው በደርጉ ውስጥ አልተመረጡም፤ ከውጭ የመጡ ናቸው። 120 የሚባለው (በተግባር ከዚያ ያነሰ ነበር) ጉባኤ ውስጥ የሻለቃና የመቶ አለቃ፣ የሃምሳ አለቃና የተራ ወታደር ድምፅ እኩል ነው። ሌተናንት ጄኔራል እዚያ መሐል ገብቶ ማዘዝ አይችልም፤ ማግባባት ነው ያለበት። አማን ደግሞ ማዘዝ የለመዱ ሰው ነበሩ። ደርጉ የፈለገው ለሠራዊቱም ለውጭ መንግሥታትም የሚታይ ፊት ነው፤ እሳቸው ግን ሹመቱን የምር ወሰዱት።

---

ነጋሪት_አንባቢ

አዘዞ_በር ያለውን በሕግ ላጠናክረው። የመስከረም 2ቱ አዋጅ ቁጥር 1 ነው፤ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፣ ምክር ቤቶቹን በተነ። በዚያው አዋጅ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን «ንጉሥ» እንደሚሆኑ ተጽፏል፤ ዘውዱ የቀረው በኋላ ነው። ስለዚህ «ዘውዱን ሻሩ» የምትል ሐረግ ለመስከረም 1967 አትሠራም።

ከቀናት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 የደርጉንና የሊቀ መንበሩን ሥልጣን ለመወሰን የታወጀ ነው። ስለ አማን የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ይህን ነው፤ ሊቀ መንበርነቱ ከደርጉ የተሰጠ እንጂ ከደርጉ በላይ እንዳልነበረ በጥቁር ቀለም ታገኘዋለህ።

ሦስተኛ፣ በኅዳር 7 አካባቢ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ አዋጆች (7 እና 8) ወጡ። ከሳምንት በኋላ የተረሸኑት ሰዎች ግን በዚያ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ለተረሸኑት የተነገረው ምክንያት «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነው። ፍርድ ቤቱ በወረቀት ተቋቁሞ ሳለ ያለ ፍርድ መገደላቸውን ሁለቱን ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጠህ አሳይ፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ነጋሪት ጋዜጣ ማንበብ ለማትለምዱ፦ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ዓምድ ነው፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይታተማል። አዲስ ዘመን በዓ.ም.፣ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ በፈረንጅ። ሁለቱን ጋዜጣ ስታመሳክር ጋዜጣ የወጣበትን ቀን ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን አድርገህ እንዳትይዝ። «ኅዳር 15» የሚሉ ጽሑፎች የበዙት ቅዳሜ ሌሊት የሆነው እሑድ ስለተነገረ ነው።

---

ልጅ_ከአራዳ

ኧረ ቆይ። የተጣሉበት ምክንያት የት አለ? ሁሉም ሰው በኤርትራ ነው ይላል።

---

አዘዞ_በር

ሦስት ነገር ነው፤ አንዱን ብቻ መምረጥ ሰውየውን ማሳነስ ነው።

አንደኛ ኤርትራ። በነሐሴ መጨረሻና እንደገና በጥቅምት ሄደው ሕዝብ ሰብስበው አነጋግረዋል፤ ባለ 19 ነጥብ የመፍትሔ ሐሳብም አቅርበዋል። መነሻቸው በሰላም፣ በአንድነት ማዕቀፍ ውስጥ መጨረስ ነበር። ደርጉ ደግሞ 5,000 ያህል ተጨማሪ ጦር ይላክ አለ። እሳቸው እምቢ አሉ።

ሁለተኛ የታሰሩት ባለሥልጣናት። ያለ ፍርድ ይገደሉ የሚለውን አልተቀበሉም።

ሦስተኛ የደርጉ ቁጥርና የሥልጣን ክፍፍል። ይህን ያህል ሰው እየተሰበሰበ አገር አይመራም፣ ሊቀ መንበሩ ሥልጣን ይኑረው ባይ ነበሩ።

ሦስቱ የተያያዙ ናቸው። በሦስተኛው ቢያሸንፉ ኖሮ የቀሩትን ሁለቱን ይወስኑ ነበር፤ ስለዚህ ነው እነ ሻለቃ መንግሥቱ በሦስተኛው ላይ የበረቱት።

---

ቀሃ_ዳር

አልስማማም። ኤርትራ ባይኖር ሦስተኛው በድርድር ያልቅ ነበር። የሐማሴን ሰው መሆናቸው ነው ጥርጣሬን ያባባሰው፤ «ለወገኖቹ አደላ» የሚል ወሬ በሰፈሩ በሠራዊቱ ውስጥ መንዛት ቀላል ነበር። በሐረር ግንባር የተዋጋን ሰው በሌላ ምን ትከሰዋለህ?

---

አዘዞ_በር

ወሬው መጠቀሚያ ሆኗል፤ አልክድም። ግን ከኤርትራ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው፣ የደርጉም ሊቀ መንበር የሆኑት ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 በምን ተገደሉ? እሳቸውም የሊቀ መንበሩን ቦታ እውነተኛ ሥልጣን ሊያደርጉት ሲሉ ነው። ሁለት ሊቀ መንበር፣ ሁለቱም ጄኔራል፣ ሁለቱም በዚያው ወንበር ላይ። ወንበሩን ነው የማየው።

---

ቀሃ_ዳር

እሺ፣ ሁለቱንም ይጻፋቸውና አንባቢው ይፍረድ።

---

አወያይ

አጭር ማሳሰቢያ፦ የሰኔ 15 ቀን 2011ን ግድያዎች ከዚህ ጋር እያነጻጸሩ የተላኩ ሦስት መልእክቶች ተነሥተዋል። ያ ጉዳይ የራሱ ክር አለው። እዚህ የ1967ቱ ብቻ።

---

የጦር_መዝገብ

አሁን የመጨረሻዋ መስመር፦ «ከ60 ባለሥልጣናት ጋር በዓለም በቃኝ ተረሸኑ»። እዚህ ላይ ሦስት ስህተት አለ።

ቦታው። አማን የተገደሉት አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ነው። ሊይዟቸው ወታደር ተላከ፣ ቤቱ ተከበበ፣ እጅ አልሰጡም፣ ታንክ መጣ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ እዚያው ሞቱ። ደርጉ ሲናገር «ሲያዝ በመቋቋሙ» አለ። ዓለም በቃኝ፣ የአዲስ አበባው እስር ቤት፣ የሞቱት ሌሎቹ ናቸው፤ ከታሰሩበት ተጠርተው ወጥተው በዚያው ሌሊት የተረሸኑት።

ቁጥሩ። «ከ60 ጋር» ስትል 61 ይሆናል። የወጣው የስም ዝርዝር እሳቸውንም ይዟል፤ አንዳንድ ጽሑፍ 59፣ አንዳንዱ 60 የሚለው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። «እሳቸውን ጨምሮ 60» ብለህ ጻፍ።

ሰዎቹ። «ባለሥልጣናት» ብቻ አልነበሩም። አክሊሉ ሀብተወልድ፣ እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣ፣ ራስ መስፍን ስለሺ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ ሌተናንት ጄኔራል አቢይ አበበ፣ ሌተናንት ጄኔራል ከበደ ገብሬ አሉበት። ከነዚህ ጋር ግን የደርጉን መንገድ የተቃወሙ ዝቅተኛ መኮንኖችና ሌሎች ባለ ማዕረግ ወታደሮች፣ ራሳቸው የደርግ አባል የነበሩም ጭምር፣ ተገድለዋል። እነሱን ማስቀረት የሌሊቱን ትርጉም ያዛባል፤ ደርጉ የድሮውን ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የራሱንም ተቃዋሚ ነበር የጠረገው።

የጄኔራል ከበደ ገብሬን ስም ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ የኮሪያ ዘማቾች የበላይ አዛዥ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በኮሪያ ጊዜ በአንድ ወገን የዘመቱ ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት፣ አንዱ በቤቱ አንዱ በእስር ቤት፣ ሞቱ። ፖስተሩ ቦታ ካለው ይህን አስገባ።

---

ልጅ_ከአራዳ

የረሸኗቸውስ አስከሬን?

---

ነጋሪት_አንባቢ

የተረሸኑት በጅምላ ተቀብረው ቆዩ። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ተቆፍረው ወጥተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፉ። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የመቃብሩን ሐውልት ፎቶ ሊያመጣልህ ይችላል፤ ስሞቹን ከሐውልቱ ላይ ማንበብ ከኢንተርኔት ዝርዝር መገልበጥ ይሻላል፣ የፊደል ግድፈት በዚያኛው ብዙ ነው።

---

ንባብ_ማራኪ

በጣም ጠቅሟል። ለጎንደር ሰው የሚቀርብ ነገር ቢኖረው ደስ ይለኛል። በ1934 ጎንደር ነፃ ስትወጣ ከተዋጉት ጋር ላያይዘው አስቤ ነበር።

---

የጦር_መዝገብ

አትንካው። ኅዳር 18 ቀን 1934 የጎንደር ሰው ራሱ ያውቃታል፤ ከአማን ጋር በግድ ብታስራት የመጀመሪያው ሽማግሌ ይይዝሃል። እውነተኛው ማያያዣ ከሞታቸው በኋላ ያለው ነው። ያቺ ሌሊት ብዙ መኳንንትና ጄኔራሎችን ከድርድር አስወጣች። የቀድሞው የበጌምድር አስተዳዳሪ ጄኔራል ነጋ ተገኝ ከራስ መንገሻ ሥዩም ጋር ኢዲዩን (የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት የተባለውን የደርግ ተቃዋሚ ድርጅት) ይዘው ከሱዳን ድንበር በኩል ተነሡ፤ በ1969 ሁመራና መተማ በእጃቸው ገባ። የጎንደር አንባቢ ኅዳር 14ን ከራሱ አካባቢ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው በዚህ ነው።

አዘዞ ያሉ አሮጌ ወታደሮችን የምታነጋግሩ ከሆነ «ጄኔራል አማን እንዴት ነበሩ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁሉም «ጀግና ነበሩ» ብሎ ይጨርሳል። የቱ ክፍለ ጦር፣ የቱ ብርጌድ፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ማዕረግ ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓት ሲነግሯችሁ «ከምሽቱ ነው ወይስ ከሌሊቱ?» በሉ። ራሱ ያየውንና በሬዲዮ የሰማውን ለዩ፤ ኅዳር 14ን አየሁ የሚል አብዛኛው ሰው ያየው ሳይሆን እሑድ በሬዲዮ የሰማው ነው።

---

ቀለምና_ወረቀት

ስለ ኅትመቱ ማንም አላነሣም። ኤ1 (59.4 በ84.1 ሳንቲ ሜትር) ከሆነ ከ250–300 ቃል አይለፍ፤ ዋናው ጽሑፍ ከ28 ነጥብ በታች ከሆነ ሰው ተጠግቶ ካልሆነ አያነበውም።

ፎቶ፦ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ኦሪጅናል በ600 ዲፒአይ ስካን ካደረግህ ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ሲሰፋ 200 ዲፒአይ ይደርስሃል፤ ይበቃል። ከጋዜጣ የተወሰደ ከሆነ ነጠብጣቡ ሲሰፋ ሞገድ ይሠራል፤ ስካነሩ ላይ የነጠብጣብ ማጥፊያውን አብራ፣ ከመጠኑ በላይ አታስፋ። ከፌስቡክ የወረደ ፎቶ ኤ1 ላይ ጭቃ ነው።

ፊደል፦ ረቂቁን በድሮው ፓወር ግዕዝ ጽፈህ ከሆነ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ፎንት (ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ) ጻፍ፣ ፎንቱን አካትተህ በፒዲኤፍ ስጥ፣ ከመታተሙ በፊት በኤ4 አንድ ናሙና አስወጣ። ናሙናው ላይ በመጀመሪያ የምታየው ቁጥሮቹን ነው፤ 1956 ወደ 1965 ሲዞር ዓይን አይይዘውም።

---

ንባብ_ማራኪ

የተስተካከለው፦

«ሌተናንት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም (1916–1967 ዓ.ም.)። ካርቱም ተወለዱ፤ ቤተሰባቸው ከሐማሴን ጸዓዘጋ ነው። በኮሪያ ጦርነት ተካፈሉ። የሦስተኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ሆነው በ1956 የሶማሊያን ጥቃት መከቱ። ከትእዛዝ ውጪ ሄደዋል ተብለው ከአዛዥነት ተነሥተው በዋሽንግተን አታሼ፣ በኋላም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1966 ክረምት ኤታ ማዦር ሹም፣ ቀጥሎ የመከላከያ ሚኒስትር፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርጉ ሊቀ መንበር አደረጋቸው። በኤርትራ ጉዳይ፣ በእስረኞቹ ዕጣና በሊቀ መንበሩ ሥልጣን ከደርጉ ጋር ተለያዩ። ኅዳር 14 ሌሊት ቤታቸው ተከቦ በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ። በዚያው ሌሊት የታሰሩት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ የሟቾቹ ቁጥር እሳቸውን ጨምሮ 60 ነው።»

---

ዘመን_ቆጣሪ

ቀኖቹ ልክ ናቸው። «ኅዳር 14» ካልክበት ላይ «1967» ጨምርበት፤ ሰው ፖስተር ከመሐል ነው የሚያነበው።

---

አዘዞ_በር

«ደርጉ ሊቀ መንበር አደረጋቸው» ያልካት ሐረግ ጥሩ ናት፤ እንዳትነካት። 66 ቀኗን ግን ረሳህ፣ ከርዕሱ ሥር አስገባት።